ኮምቦልቻ ያሠራነው የብረት መጋዘን

የእህል መጋዘናችንን ስትራክቸር (የብረት አጽሙን) የሠራልን ኮምቦልቻ ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ሥራቸውን በጣም ወድጄዋለሁ። ከሁሉም ፍጥነቱ! እኛ ደሴ ላይ መሠረቱን ስናወጣ እነሱ ኮለኑን (ቋሚ ብረቱን) እና ትራሱን (ጣሪያውን የሚሸከመውን የብረት መዋቅር) እዚያው ወርክሾፓቸው ቆርጠው፣ በይደውና በስተው ጨረሱ፣ ከዚያ በመኪና አምጥቶ በብሎን መግጠም ብቻ ቀረ። ስትራክቸሩ በአርማታ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ 28 ቀን ይጠበቃል፣ የደሴ ክረምት ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። መሀሉ ላይ ምሰሶ ስለሌለ አይሱዙ ቀጥ ብሎ ገብቶ ያራግፋል።

ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ያለነው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። ብረት ከጥንካሬው አንፃር ቀላል ነው፣ ከመሰበሩ በፊትም ይታጠፋል፣ ይሄ ሰው ለማምለጥ ጊዜ ይሰጣል። ግን መገጣጠሚያው ደካማ ከሆነ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ብየዳውን በመሐንዲስ አስፈትሹ።

ቅር ያለኝ ቀለሙ ነው። አንዳንድ ቦታ ዝገቱን ሳይጠርጉ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተውበት ነበር። ስንነግራቸው ግን ሳያጉረመርሙ ፍቀው ደግመው ቀቡት።

እሳቱንም አስቡበት። ብረት አይቀጣጠልም፣ ግን 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል፣ ስለዚህ በቀላሉ የሚቀጣጠል ዕቃ የምታስቀምጡ ከሆነ እሳት መከላከያ ቀለም አስጨምሩ። ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ የብረቱን ውፍረትና ክብደት በዝርዝር አጽፏቸው፣ ማጓጓዣና ገጠማው ውስጡ መኖሩንም አረጋግጡ።