የደብሩ የጾም ምግብ ቤት፦ ስልጆው አንደኛ፣ ሂሳቡ ግን ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን

ባህር ዳር ላላችሁ ጿሚዎች ይጠቅማል ብዬ ነው። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አንድ ደብር ከአጥሩ ውጪ አስፋልት ዳር ህንጻ ሰርቷል፣ ምድር ቤቱን ለባንክ ወይ ለሞባይል ቤት አከራይቶ ቁጭ ማለት ሲችል ራሱ የጾም ምግብ ቤት ከፈተበት። ስሙን የማልጠራው ወረድ ብዬ ስለምወቅሳቸው ነው፣ የሰፈሩ ሰው ግን እስካሁን አውቆታል። በሩ ላይ "ገቢው ለአገልጋዮች ደመወዝ ይውላል" የሚል ትልቅ ባነር አለ፣ እና ግማሹ ሰው ለምግቡ ግማሹ ለባነሩ ነው የሚገባው።

ምግቡን ላስቀድም። በያይነቱ 200 ብር ነው፣ እንጀራው ስስ፣ ዓይናማ ነው፣ አስተናጋጇ የአዴት ጤፍ ነው ትላለች ሲበላም አያሳፍራትም። ምስሩ ክኩ ጎመኑ ቀይ ስሩ ሌላ ቦታም የምታገኙት ነው፣ እሱን ልለፈው። ስልጆው ግን ሌላ ነገር ነው! አሁን አሁን ስልጆ ብለው የሚያቀርቡልን የባቄላ ዱቄት በጥብጠው ሎሚ ጠብ ያደረጉበትን ነው፣ እዚህ ግን በደንብ የከረመ ነው፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ወጥቶ ዓይን ያስለቅሳል፣ በእንጀራ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ ቆም ትላላችሁ ከዛ እንደገና ነው። ተልባውም እንደዛው፣ ታምሶ ተወቅጦ፣ ቃሪያው በደቃቁ ተከትፎ ገብቶበት ፍትፍቱ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል። ዓሳ የለም፣ በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን የባህር ዳር ክርክር እዛ ቤት አታንሱት፣ ቄሰ ገበዙ አጠገባችሁ ካሉ ምሳችሁ ስብከት ሆኖ ነው የሚያልቀው። ቡናው የዘጌ ነው፣ በጀበና፣ ሁለተኛውም ውሃ ውሃ አይልም።

አሁን ወቀሳ። ሽሮው አዘቦት ቀን በሸክላ ቱክ ቱክ እያለ ነው የሚቀርበው፣ ዓርብ ሰው ሲበዛ ግን ቀዝቅዞ ላዩ ረግቶ መጣልኝ፣ ይሞቅልኝ ስል አስተናጋጁ "በረከት ነው ወንድሜ፣ ብላው" አለኝ። ልጁ ትሁት ነው አልተቀየምኩትም ግን ይሄ አነጋገር መቅረት አለበት። ሰው አንዴ ለበረከት ብሎ ቀዝቃዛ ሽሮ ይበላል፣ በሳምንቱ ግን ጎን ያለው ቤት ነው የሚገባው፣ ያኔ የሚጎድለው የቄሱ ደመወዝ ነው። የአገልጋይ ቀለብ የተንጠለጠለበት ምግብ ቤት ከሌላው በልጦ መገኘት ነው ያለበት እንጂ አዝናችሁ ብሉልኝ ማለት የለበትም።

በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 ሰዓት በፊት አይከፍቱም፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ምግብ የለም። የቢሮ ሰው በዚህ ያማርራል፣ እኔ ግን ልክ ናቸው ባይ ነኝ፣ ቤተክርስቲያን ራሷ በዐቢይ ጾም በስድስት ሰዓት ምሳ ብታቀርብ ምን ሊባል ነው?

አንድ ቀን ጎኔ የተቀመጡ አባት "ዘንድሮ ደግሞ ቤተክርስቲያን ሽሮ ቸርቻሪ ሆነች፣ ጌታ የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት አላለም እንዴ?" ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ፣ ግማሽ ቤት ዞሮ አያቸው። አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ የተባለው መቅደሱ ውስጥ በሬና በግ ለሚሸጡት፣ ገንዘብ ለሚለውጡት ነው፣ ይሄ ከአጥር ውጪ ነው ብዬ መለስኩላቸው፣ እሳቸውም እሱስ ልክ ነህ ብለው ተልባቸውን ቀጠሉ። ምእመኑ ለደብሩ የሚያዋጣውን የዓመት የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ከፍለው ያውቃሉ ወይ ማለት አምሮኝ ነበር፣ ትልቅ ሰው ናቸው ተውኩት። ግን ነገሩ እሱ ነው። ምእመኑ የሚገባውን ቢከፍል ኖሮ ደብሩ ሽሮ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?

እኛ ለህንጻ እንሰጣለን፣ በጣም እንሰጣለን። ለጉልላት ሲባል ዣንጥላ ተዘቅዝቆ ሲዞር ያላትን ሁሉ የምትጥል እናት አለች፣ ከአንገቷ ሐብል የምትፈታም አለች፣ ለእብነ በረድ ለደወል ለመጋረጃ እንደዛው። ለመሪጌታው የወር ደመወዝ ተብሎ ዣንጥላ ሲዞር ግን አይቼ አላውቅም፣ እናንተ ካያችሁ ንገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ይዞ ማህሌት ቆሞ ያደረው ሰው ጠዋት ግንባታ ሳይት ላይ ዘበኛ ሆኖ ሲውል እያየን "እግዜር ይስጥልን አባ" ብለን መስቀል ተሳልመን እናልፋለን። ደግሞ ይሄ ሰው ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም፣ በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ በየደጃፉ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየነከሰው ነው ዜማውን ቅኔውን አቋቋሙን የተማረው፣ እና ተመርቆ መጥቶ ልጃችንን ክርስትና ሲያነሳልን፣ እናታችን ስትሞት ፍትሐት ሲፈታልን እንደገና ይለምን?

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። አገልጋዩ ሰሞን መሬት የሚባል ለአገልግሎቱ የተሰጠ መሬት ነበረው፣ ቀድሶ ዘምሮ ከመሬቱ ይበላ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግስት ሲሆን እሱ ቀረ፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማው ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣና የቤተክርስቲያን የኪራይ ቤቶች ተከተሉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ማለት ነው። ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው የቤተክርስቲያን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ በ1965 ወጥቶ ባይቆይ ኖሮ ምን ይኮን እንደነበር እንጃ፣ ከዛ ወዲህ እንግዲህ ሸክሙ የምእመኑ ሆነ ማለት ነው፣ እኛ ግን ዛሬም ቤተክርስቲያን ሰፊ መሬት ያላት ይመስል እጃችንን ኪሳችን ከተን እንቆማለን። በነገራችን ላይ የጣና ገዳማትም ቢሆኑ በጸሎት ብቻ አልኖሩም፣ የዘጌ ገዳማት ቡና ምስክር ነው።

"ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ የለ፣ ቄሶቹም ሰርተው ይብሉ" የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። እውነት ነው ይሰፋ ነበር። ግን ያው ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በመሠዊያው የሚያገለግል ከመሠዊያው ይካፈላል፣ "ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጎአል" ብሎ ካበቃ በኋላ ነው እኔ አልተጠቀምኩበትም ያለው። መብቱን እሱ ተወው፣ የቆሮንቶስ ሰዎች አልነጠቁትም። ለአንድ ምሽት ጉባኤ ዋጋ የሚደራደር ሰባኪ አለ ትሉኛላችሁ፣ አለ፣ እኔም እሱን ሳይ ያመኛል፣ ግን በእሱ ተናደን የምንቀጣው ሰፈራችን ያለውን ዲያቆን ነው፣ ጫማው በሚስማር የተሰፋውን።

ለዛ ነው ምግብ ቤቱን የምደግፈው። ግን ባነሩ ላይ ደመወዝ ይላል እንጂ ምን ያህል ገባ ምን ያህል ለማን ወጣ የሚል አንዲት ወረቀት የትም አልተለጠፈችም። ካሸሯን ብጠይቅ "ጽህፈት ቤት ሂድ" አለችኝ፣ ጽህፈት ቤት ስሄድ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል ተባልኩ። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቴሌብር ኪውአሩ አልሰራ ሲል "በዚህ አስገባው" ተብሎ የሚሰጠው የካሸሯ የግል ስልክ ቁጥር ነው! ልጅቷን አልጠረጠርኩም፣ ነገ ግን አንድ ሰው ሀሜት ቢያወራባት በምን ትከላከላለች? ጳውሎስ እንኳን ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ምስክር ሰዎች ጨምሮ ነው የላከው። የደብሩ ስም ያለበት የባንክ ሂሳብ ቁጥር ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የወሩ ገቢና ወጪ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ፣ ይሄ ምን ይከብዳል?

ሌላም አለ። አስተናጋጆቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ በተራ ነው የሚገቡት፣ እነሱ ጥሩ ነው ያገልግሉ። ጓዳ ያሉት እናቶች ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፣ እጅ ልታጠብ ስገባ አየኋቸው፣ አንዷ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የድስት ጥላሸት በአመድ እየፈገፈገች ነበር፣ ጣቶቿ ውሃ በዝቶባቸው ተጨማደው ነጥተዋል። ስንት ይከፈላችኋል ብላት ሳቀችና "ለነፍሴ ነው ልጄ፣ ማታ የተረፈውን እንጀራ እንወስዳለን" አለችኝ። "ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል" የሚለው ቃል ለቄሱ ብቻ ነው እንዴ የተጻፈው? አገልጋዩን ከልመና እናውጣ ተብሎ የተከፈተ ቤት ድስት የምታጥበውን ሴትዮ በትርፍራፊ ካሰራ ነገሩ ተምታቷል።

እኔ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሂሳቡ የተለጠፈ ቀን 4 አደርገዋለሁ፣ እናቶቹ ፔይሮል ላይ የገቡ ቀን 5። ከረጃጅሞቹ አጽዋማት ውጪ ባለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ 6 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ያኔ ተልባ ከ7 ሰዓት በኋላ አይገኝም፣ ስልጆ ግን በፌስታል ቋጥረው ለቤት ይሸጡላችኋል፣ እቃ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል ምክንያቱም ባጃጅ ውስጥ ይፈሳል።