ካስት አይረን መጥበሻዬ ከስምንት ወር በኋላ

እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያው ወር ለሰው ልሰጠው ነበር። 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት) የተሠራ መጥበሻ ነው፤ ክብደቱ 2.5 ኪሎ ገደማ። በአንድ እጅ አንስቼ ምግቡን ሳህን ላይ ልገለብጥ ስሞክር እጄ ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም።

ሲሸጥልኝ «ተሟሽቷል» ተብሎ ነው። አምኜ በዚያው ቀን እንቁላል ሰበርኩበት። ተለሰነ! በማገላበጫ ስፍቀው የቆየሁትን ያህል ምግቡን ለመብላት አልቆየሁም።

ከዚያ ራሴ ላሟሸው ብዬ ተነሳሁ። ዘይት በበዛ ቁጥር የሚሻል መስሎኝ አጥግቤ ቀባሁትና ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ጣት የሚይዝ፣ እዚህም እዚያም የተንጠባጠበ ቡናማ ሙጫ ሆኗል። ለካ ማሟሸት ማለት ዘይቱ በሙቀት ተለውጦ ብረቱ ላይ ጠጣር ሽፋን እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ስስ ካልሆነ ደግሞ እንደዚያ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ሙጫውን ፈግፍጌ አስለቅቄ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ከቀባሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ዘይት የነካው እስከማይመስል ድረስ ጠረግኩት፣ ደፍቼ 230 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆየሁት፣ እዚያው እስኪበርድ ተውኩት። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። መስኮት ክፈቱ፣ ይጨሳል።

ሳሙና አይንካው የሚሉትን አትስሟቸው። ድሮ ሳሙና ውስጥ የነበረው ኃይለኛ ሶዳ ሽፋኑን ይበላው ነበር፤ የዛሬው የዕቃ ሳሙና ግን ምንም አይለውም። ጠላቱ ውሃ ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ ውሃ ሞልቼበት ተኛሁ፣ ጠዋት ዝገት ለብሶ ጠበቀኝ። በሽቦ ፈግፍጌ፣ አድርቄ፣ እንደገና አሟሸሁት። አሁን እንዳጠብኩት እሳት ላይ ጥዬ እርጥበቱን አስለቅቃለሁ፣ ከዚያ ጠብታ ዘይት ቀብቼ እወለውለዋለሁ። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

እሳቱንም መልመድ ያስፈልጋል። ይህ ብረት ሙቀት ቶሎ አያዳርስም፤ አሉሚኒየም በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ኃይለኛ እሳት ላይ ከጣላችሁት መሀሉ ሲያር ጠርዙ ገና ለብ እያለ ነው። መካከለኛ እሳት ላይ ሰባት ስምንት ደቂቃ ታገሱት። አንዴ ከጋለ ግን ቀዝቃዛ ሥጋ ሲያርፍበት እንኳ ቶሎ አይበርድም፣ ሥጋው ውሃ አውጥቶ ከመቀቀል ይልቅ ጥርት ብሎ ይጠበሳል። ለዚህ ሲባል ክብደቱን እችላለሁ። እንቁላሉም በሦስተኛው ወር መንሸራተት ጀመረ።

ቲማቲም ለረጅም ሰዓት አታብስሉበት። እኔ አንድ ሰዓት አንተክትኬበት ስጎው ብረት ብረት አለ፣ የመጥበሻው መሀልም ጥቁረቱ ለቆ ግራጫ ሆነ። ጣል አድርጎ ቶሎ ማውጣት ችግር የለውም። ለስጎ ቀላሉን የድሮ መጥበሻዬን መልሼ አውጥቻለሁ። የጋለውን ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተትም ሊሰነጥቀው ስለሚችል ሞክሬው አላውቅም።

እጀታው ከመጥበሻው ጋር አንድ ብረት ነው፣ እኩል ይግላል። ስምንት ወር ሙሉ እያወቅኩት፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ ያለ ጨርቅ ይዤዋለሁ።