አሮጌ ፕራዶ ላይ ኤር ሰስፔንሽን ይሻላል ወይስ ሞላ?

ያገለገለ ፕራዶ ለመግዛት እየዞራችሁ ከሆነ፣ በተለይ 120ውን ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የነበረውን ሞዴል፣ ኋላው ሞላ ነው ኤር ብላችሁ ሳትጠይቁ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ፊቱ ሁሉም ላይ ሞላ ነው፣ ልዩነቱ ከኋላ ነው። ተራው ሞላ ማለትም የብረት ስፕሪንግ አለው፣ ፉል የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ በሞላው ቦታ አየር የሚሞላ የላስቲክ ባግ ነው ያለው። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ የምታውቁት ሌክሰስ ጂኤክስ 470 ስሩ ያው ይሄው መኪና ነው፣ ኋላውም ኤር ነው።

ደላላ ኤር ያለውን "ፉል ነው" ብሎ ዋጋ ይሰቅልበታል። እኔ በበኩሌ ለኤሩ ብላችሁ አንድ ብር እንኳን አትጨምሩ ነው የምለው። እዚህ አገር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የሚሸጠው ያው እዚሁ ሲነዳ የኖረው ነው፣ የመጨረሻው 120 ራሱ ከ15 አመት በላይ ሆኖታል፣ ላስቲክ ደሞ ላስቲክ ነው።

ኤሩ ጤነኛ ሲሆን ግን በጣም ደስ ይላል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ቤተሰቡን ሞልታችሁ ከኋላ ጤፉን ሻንጣውን ምናምን ብትጭኑ ቂጡ አይወርድም፣ ሴንሰሩ ከፍታውን ያነባል ኮምፕሬሰሩ አየር ይጨምራል መኪናው ይስተካከላል፣ ማታ ስትነዱም የፊት መብራታችሁ የሰው አይን ውስጥ አይገባም። ሞላ ይሄን አይችልም። ለጭነት ብላችሁ ጠንካራ ሞላ ካስገባችሁ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፣ ለስላሳ ካስገባችሁ ደሞ ስትጭኑ ቁጭ ይላል፣ አንዱን መምረጥ ነው።

ችግሩ ኤሩ ሲያረጅ ነው። ባጉ ታች የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ አቧራና ጭቃ እዛ እጥፋት ውስጥ እየገባ ይፈጨዋል፣ መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ ነው የሚያስተነፍሰው ባለቤቱም ልብ አይልም ምክንያቱም ኮምፕሬሰሩ እየሞላ ይሸፍንለታል፣ ቀን ከሌት ሲሰራ ግን እሱም ይቃጠላል። ከዛ ጋራዥ ሄዶ ኮምፕሬሰር ብቻ ይቀየራል፣ ባጉ ስላልተነካ አዲሱም ኮምፕሬሰር ያው ይሆናል። ስለዚህ ሁሌም መጀመሪያ ባጉ ነው የሚታየው። ኤሩን ሃይ ማለትም ከፍ የሚያደርገው ላይ አድርጋችሁ እጥፋቱ ሲዘረጋ የሳሙና ውሃ እርጩበት፣ አረፋ እየነፋ ከወጣ አለቀ። ሴንሰሩን የያዘችውን ቀጭን ዘንግም እዩ፣ እሷ ከዛገች ወይ ከተሰበረች ባጉ ደህና ሆኖ መኪናው ዘሞ ሊቆም ይችላል። አሜሪካ በረዶና ጨው ያለበት ስቴት የምትኖሩ ይሄን አትለፉት።

አንድ ነገር ደሞ፣ ክሪክ ከማስገባታችሁ በፊት የኤሩን ማጥፊያ ተጫኑ። ባጉ አየር ሳይኖረው መኪናው ከክሪክ ላይ ዝም ብሎ ከወረደበት ላስቲኩ ተቆልምሞ ይቆነጠጣል፣ ደህናው ባግ እዛው ይበላሻል።

ሞላ ጋ ስንመጣ ብዙ የሚወራ የለም። ብረት ነው፣ ኮሮኮንች ይችላል፣ አመታት ሲቆይ ትንሽ ይሟሽሻል እንጂ ድንገት መንገድ ላይ አያስቀርም። ከከተማ ራቅ ያለ ቦታ ፊልድ የምትወጡ ሰዎች ባጉ ቢፈነዳባችሁ የሚሰራው የት ይገኛል? ሞላ ግን ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ታገኛላችሁ፣ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ደሞ እንደ ኦልድ ማን ኢሙ ያሉት የአውስትራሊያ ሞላዎች በጭነት ልክ ተለይተው ነው የሚሸጡት፣ ሁሌ የምትጭኑትን አስባችሁ ምረጡ እንጂ ከባዱን ስላገኛችሁ ብቻ አታስገቡ።

ከኤር ወደ ሞላ መቀየር 120 ላይ ከባድ ስራ አይደለም፣ ሞላ ያለው ፕራዶም በዛው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጥለት፣ ሻንሲ መበየድ አያስፈልግም። ላይኛውን የሞላ ላስቲክ ግን እንዳትረሱ፣ ከሌለ ብረት ለብረት ይንኳኳል። ኤሩም በደንብ መዘጋት አለበት፣ ዳሽቦርድ ላይ የኤሩ መብራት ቢበራም አትደንግጡ። የሾኩን ጥንካሬ በማዞሪያ የምትቀይሩበት ነገር ካለውና ኦሪጅናል ሾኩ ደህና ከሆነ እሱ ከባጉ የተለየ ስለሆነ መስራቱን ይቀጥላል።

መሃል ላይ ያለም አለ፣ ሞላው ውስጥ የምትገባ ትንሽ ባግ፣ ጎሚስታ ጋ እንደ ጎማ የምትነፋ። አንዳንዴ ብቻ ለሚጭን ሰው በጣም አሪፍ ናት፣ ብትተነፍስም ሞላው ይይዛችኋል።

የኔ ምርጫ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ብቻ የምትነዱ ወይ አሜሪካ እቃው በቀላሉ የሚገኝላችሁ ከሆነና ባጉ ደህና ከሆነ ኤሩን ያዙት፣ ደህና ነገር ነቅሎ መጣል አያስፈልግም። ፊልድ ከወጣችሁ ወይ ባጉ ከተሰነጠቀ ሞላ።

ለማየት ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ሻጩ ሳትደርሱ ሞተር እንዳያስነሳ ንገሩት። ከኋላ ጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኙን በሜትር ለኩ፣ ከዛ ሞተሩ ይነሳና እንደገና ለኩ። አድሮ ከወረደ ወይ አንዱ ጎን ከተለየ የሁለት ሞላ፣ የላይኛውን የሞላ ላስቲክና የእጅ ዋጋውን ደምራችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።