«ለክሌይ የተሠራች ናት» የሚሏትን ትንሽ ኦቨን እንዳትገዙ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቴ ገና አልበረደም። ፖሊመር ክሌይ (ኦቨን ውስጥ ሲጋገር የሚጠነክረውን የፕላስቲክ ጭቃ) የምትሠሩ ሰዎች፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋን ትንሽ ኦቨን «ለክሌይ ተብላ የተሠራች ናት» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። እስክትገዙ ድረስ እህቴ፣ ወንድሜ ነው፤ ከከፈላችሁ በኋላ አያውቃችሁም።

እኔን «130 ላይ አድርጊና ሌላ ሥራሽን ሥሪ» ነበር ያለኝ። የክሌዬ ማሸጊያም የሚለው 130 ዲግሪ ነው፣ ለ6 ሚሊሜትር ውፍረት 15 ደቂቃ። እንደተባልኩት አደረግኩ። ቅጠል ቅጠሉን በመርፌ ጅማት እያወጣሁ የሠራሁት የአንገት ጌጥ ነጩ ቡኒ ሆኖ፣ ሮዙ ጉበት መስሎ፣ ጫፍ ጫፉ አረፋ አውጥቶ ጠበቀኝ። ሽታው ደግሞ ጉሮሮ ያንቃል። ክሌይ እኮ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል መተንፈሻን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ከቤት ወጣሁ።

ኦቨኗንና የኦቨን ቴርሞሜትሬን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። እዚያው ሰካናት። መዞሪያዋን 130 ላይ ያደረጋት እሱ ራሱ ነው። ቴርሞሜትሩን መሃል አስቀመጥኩና ሁለታችንም ጎንበስ ብለን በመስታወቱ ማየት ጀመርን። መርፌዋ 130 ደረሰች። አለፈች። 150 ሆነ፣ ቀዩ መብራት አልጠፋም፣ የላይኛው ማሞቂያ ብረት ፍም መስሏል። 180 ላይ ቀና ብዬ አየሁት፣ ዝም። 190ን ስታልፍ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሶኬቱን ነቅሎ ቴርሞሜትሬን በጨርቅ አወጣና ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጎ «የተበላሸው ያንቺ መለኪያ ነው» አለኝ።

ቴርሞሜትሩን የሸጠልኝ እኮ እሱ ነው! ከኦቨኗ ጋር፣ በአንድ ደረሰኝ!

ይህን ስለው ሳቀ። ወደ ሠራተኛዋ ዞሮ «ለልጅ መጫወቻ ጭቃ ነው ይሄን ሁሉ የምትጮኸው» አላት፣ እሷም አፏን ሸፍና ሳቀች። ሲሸጥልኝ «የእጅ ጥበብ» ነበር፣ ገንዘቤን መልስ ስለው የልጅ ጭቃ ሆነ። ከዚያ «የተጠቀምሽበትን ዕቃ አንመልስም» ብሎኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። አነጋገሩ ከኪሳራው በላይ ነው ያንገበገበኝ።

ኦቨን መግዛታችሁ ካልቀረ ገንዘብ ሳትከፍሉ ባዶዋን አስሙቋት፣ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቴርሞሜትሩን ከሌላ ቦታ ግዙ። ትንንሾቹ ኦቨኖች ማሞቂያቸው ለዕቃው ስለሚቀርብ ሥራችሁን ሳይነካው በፎይል ሸፍኑት። ሁሉም ክሌይ 130 አይፈልግም፣ 110 የሚበቃው አለ፣ ማሸጊያውን እዩ።

ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ «ማይክሮዌቭ ይሻልሽ ነበር፣ እሱም አለን» ብሎኛል። ክሌይ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም፤ ይህንንም ብሎ እንዳይሸጥላችሁ።