የሳተላይት ኢንተርኔት ደህንነት፦ በኮምፒውተር ማስመሰያ ይፈተሽ ወይስ በእውነተኛ ዕቃ?

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 አጥቂዎች በትክክል ባልተዋቀረ ቪፒኤን (ከርቀት ወደ ውስጥ ኔትወርክ መግቢያ) በኩል ካ-ሳት ወደተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ኔትወርክ ገብተው የብዙ ሺህ ሞደሞችን ፍላሽ ሜሞሪ ደመሰሱ። በዚህም ጀርመን ውስጥ በዚሁ ኔትወርክ የሚገናኙ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች ከርቀት ክትትል ውጭ ሆኑ።

ማስመሰያ፦ እንዲህ ያለውን የጅምላ ጥቃት መለማመጃ እሱ ነው። አንድ ሰርቨር ይበቃል፤ የተበላሸ ምናባዊ ሞደም ከተቀመጠው ቅጂ ይመለሳል። መዘግየቱን ማስገባት ግን የግድ ነው፤ በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ሳተላይት ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ይህ ከተዘለለ ውጤቱ ያታልላል።

እውነተኛ ዕቃ፦ በ2022 ተመራማሪ በ25 ዶላር ገደማ የተሠራ ሰሌዳ በስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ላይ በይዶ፣ ቮልቴጁን ለቅጽበት በማዛባት ዲሹ ሲነሳ የሚያደርገውን የፊርማ ፍተሻ (ሶፍትዌሩ የአምራቹ መሆኑን ማረጋገጫ) አዘለለ። ይህን ማስመሰያ አያሳይም። ዕቃ ሊቃጠል ስለሚችል መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

ኔትወርክና የአስተዳደር ሶፍትዌር ለሚጠብቅ ማስመሰያ፣ ዲሽና ሞደም ለሚሠራ ዕቃው ራሱ።