ከቱሉ ዲምቱ ናይሮቢ፦ «የ2 ሰዓት በረራ» ሲመዘን

ከቦሌ ናይሮቢ በቀጥታ መስመር 1,160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሞያሌ በኩል በመኪና ከተሄደ ከ1,500 ይበልጣል። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው ግን ከዚያ ያንሳል። ቀሪው ከበር ተነስቶ ማኮብኮቢያው ጋ እስኪደርስ፣ ናይሮቢም ወርዶ ማቆሚያውን እስኪይዝ የሚያልፈው ነው። ስለዚህ ከቦሌ 15 ደቂቃ ዘግይቶ የተነሳ በረራ በሰዓቱ ቢያርፍ አይግረማችሁ። ለበረራው ከ5 ውስጥ 4 ይገባዋል።

አንዷን ነጥብ የሚያስቀንሰው የትኬቱ ሰዓት ነው። 10:15 የሚለው የኛ ጠዋት 4:15 ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ጉዱ ያለው የሌሊቱ ላይ ነው። «ማክሰኞ 00:30» ማለት እኛ ሰኞ ሌሊት 6:30 የምንለው፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የሚመጣ ሰው በረራው ካመለጠው ቀኑን ሙሉ አልፎታል። ናይሮቢ ስትደርሱ ሰዓታችሁን አትንኩ፣ ልዩነት የለም። (ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን 6 ሰዓት ጨምሩበት።)

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ለሚነሳ ሰው ፈተናው ሰማይ ላይ አይደለም። ቦሌ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ከፍጥነት መንገዱ የሚወጣው የጭነት መኪና በቃሊቲ በኩል ከተጠጋጋ ግን የ40 ደቂቃው መንገድ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ለጠዋት በረራ ከመነሻው 5 ሰዓት ቀድሞ ከቤት መውጣት ይሻላል፤ ለሌሊቱ 4 ይበቃል። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ሌሊት ላይ አያስተማምንም፦ ሹፌሩ ጥሪውን ይቀበልና ሰፈሩን ሲሰማ ይሰርዛል። ዋዜማውን ከሰፈር ሹፌር ጋር ኮንትራት ተነጋግሮ ማደር ትንሽ ቢያስወድድም ያዋጣል።

ለዘመድ የሚጫን በርበሬና ሽሮ በሁለት ፌስታል ታስሮ በሚጫነው ሻንጣ መሃል፣ ልብስ ውስጥ ይግባ። ማርም እዚያው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፍም። ቤት ያለው ሚዛን 23 ኪሎ ካለ አንድ ኪሎ ቀንሱለት፣ ካውንተር ፊት ሻንጣ ከፍቶ ሽሮ ማካፈል አያምርም። የቢጫ ወባ ካርድም አትርሱ፤ ክትባቱ የሚታሰበው ከተወጋችሁ 10 ቀን ሲሞላው ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ወንበር ስትመርጡ በግራ በኩል፣ መስኮት ጋ፣ ከክንፉ ራቅ ያለውን ያዙ። ናይሮቢ ሊደርስ ሲል፣ ሰማዩ ጠርቶ መስመሩም ካልተቀየረ፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ በዚያ በኩል ይታያል። ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚጋርደው የጠዋቱ በረራ ይሻላል።