ጆሮን የሚያስተምር የማታ ክፍል፦ ቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ብሎክ ምድር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ማዳመጥን ብቻ ለይቶ ለጀማሪዎች የሚያስተምር የማታ ክፍል አለ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለሁለት ወር ነው። ቃሊቲ ወይም ሳሪስ ውሎ ለሚመለስ ሰው ሰዓቱ ያጣድፋል።

ማዳመጥን መለየታቸው ትክክል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው እንኳ አንብቦ የሚረዳውን ጽሑፍ በድምፅ ሲሰማው ይጠፋበታል። ብዙ ቦታ «ማዳመጥ» የሚባለው ቅጂ ከፍቶ፣ አስር ጥያቄ ጠይቆ ማረም ነው። ያ ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም፤ የተሳሳተው ልጅ የት ላይ እንደጠፋበት ሳያውቅ ቤቱ ይገባል። እዚህ ግን የጠፋበትን ቦታ ይፈልጉለታል።

ቅጂው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ የሚወስድ የሁለት ሰው ንግግር ነው፤ ሱቅ ወይም ፋርማሲ ውስጥ የሚደረግ ዓይነት። መጀመሪያ ሥዕል ያሳያሉ፤ ያለ እነሱ ነገሩ የማይገባውን አራት አምስት ቃል ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ቢበዛ ተማሪው ንግግሩን ትቶ ቃል ማደን ይጀምራል። በመጀመሪያው ዙር እስክሪብቶ አይያዝም፤ ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን ከማን ጋር፣ የት ሆኖ ያወራል? በሁለተኛው ዙር ዋጋና ብዛት እየሰሙ ሠንጠረዥ ይሞላሉ። በሦስተኛው መምህሩ ብዙ ሰው የሳተውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነጥሎ ያጫውትና «ምን አለ?» ሳይሆን «ስንት ቃል ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ዋት ዲድ ዩ ዱ» የሚለው በተፈጥሮ ፍጥነት ሲነገር «ዋዲጁዱ» ሆኖ ይወጣል። ግማሹ ክፍል ሁለት ቃል ይላል፣ ግማሹ ሦስት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ያሰምራል፤ እነሱ እየሰሙ ያሟሉታል። አራቱንም ቃል ያውቋቸዋል፤ ያልቻሉት ተጣብቀው ሲመጡ መለየት ነበር። ስልክ ላይ ድምፁን ማዘግየት እዚህ አያዋጣም፤ የተጣበቀው እንደተጣበቀ ይለጠጣል። በፍጥነቱ አጫውቶ ሐረግ ሲያልቅ ማቆም ይሻላል፤ እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

በጣም የወደድነው የድምፅ ልዩነት የሚያስተምሩበትን መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ በአንድ አናባቢ ብቻ ይለያያሉ፤ በፊደላችን ከጻፍናቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። እንግሊዝኛን በአማርኛ ፊደል እያነበቡ የሚያጠኑ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። መምህሩ «አለ» ብሎ ይጽፋል፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ባያሳይም የማናችንም ጆሮ አይስተውም። ከዚያ ወደ በጉና መርከቡ ይሄዳል፤ ተማሪው አንዱን ሲሰማ ቀኝ እጁን፣ ሌላውን ሲሰማ ግራውን ያነሳል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»ንም እንዲሁ፤ 15 ላይ ድምፁ የሚበረታው መጨረሻው ላይ፣ 50 ላይ መጀመሪያው ላይ ነው።

ሰዓት ላይ ግን ይሳሳታሉ። ቅጂው አውቶቡሱ «አት ሰቨን» ይነሳል ሲል ተማሪዋ በትክክል ሰምታ ወደ እኛ አቆጣጠር ትመልሰዋለች፤ 1 ሰዓት ብላ ትጽፋለች። መልሱ 7 ስለሚል ኤክስ ይደረግባታል። ጆሮዋ አልሳተም፤ በደል ነው። ከቅጂው በፊት ሰሌዳው ላይ ሁለት የሰዓት ሥዕል ስሎ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ማሳየትና መልሱ በየትኛው ይጻፍ እንደሆነ መናገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስፒከሩም መታረም አለበት። ባሱ የበዛ ትልቅ ስፒከር መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባል፣ በመንገዱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ደግሞ ይብሳል። «ስ»፣ «ፍ» እና ምላስ በጥርስ መሀል ሆኖ የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ስለሆኑ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ባሱን መቀነስ፣ ስፒከሩን ጠረጴዛ ላይ በጆሮ ቁመት ማድረግ፣ ተማሪ ሳይገባ ከኋላ ወንበር ሆኖ መሞከር፤ አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም። እስኪስተካከል የሚመዘገብ ሰው ከፊት ሁለት ረድፍ ቦታ ይያዝ። መብራት ሲጠፋ መምህሩ ራሱ ያነብላቸዋል፤ ደህና ነው፣ ግን ቃል በቃል እየቆራረጠ ስለሚያነብ ያስተማረውን መጣበቅ ራሱ ያፈርሰዋል።

ፊደል ለይቶ ቀላል ዓረፍተ ነገር ለሚያነብ ጀማሪ እንመክረዋለን። ኤ ቢ ሲ ገና ለሚቆጥር ይከብዳል፤ ዜና ለሚከታተል ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው። ከክፍል በኋላ ቅጂውንና ጽሑፉን አንድ ላይ በቴሌግራም ይልካሉ። ጽሑፉ እጁ ላይ ያለ ተማሪ ማንበብ ይጀምራልና፣ በማግስቱ ቢልኩት ይሻላል። እስከዚያው ተማሪው ጽሑፉን ሳይከፍት በኢርፎን ሦስቴ ይስማ፤ ከዚያ ከፍቶ የሳተው ላይ ያስምር፤ በመጨረሻ ጽሑፉን ዘግቶ አንዴ ይድገመው።